ጠበል አይደፋም

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። እንቅልፍ እምቢ ብሏል። የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ጠብ... ጠብ... ይላል። አከራዬ «ነገ እመጣለሁ» ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ድምፁ እንዲቀንስ ብዬ ከስሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥኩ። ጭራሽ ከበሮ ሆነ።

ሰሞኑን ደግሞ ሀዘንም ያልሆነ፣ ናፍቆትም ያልሆነ፣ ዝም ብሎ የሚጫነኝ ነገር አለ። እና ተጋድሜ ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው እላለሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የምኖርባት የእንግሊዟ ከተማ ሼፊልድ ከምትጠጣው ከፊሉ የሌዲባወር ግድብ ውሃ ነው። ከከተማው በስኔክ ፓስ መንገድ ሲወጡ ዛፍ አልባው ደጋ ይጀምራል። እነሱ ሙር ይሉታል። ነሐሴ ላይ የኛ አስታ ዘመድ የሆነች ቁጥቋጦ ሐምራዊ ታለብሰዋለች። መጀመሪያ ሳየው የመንዙ ጓሳ መሰለኝ፤ የጎደለው ጭላዳ ብቻ ነው። ውሃው ደግሞ ለስላሳ ነው። ለንደን ሳለሁ ማንቆርቆሪያዬ ነጭ ቅርፊት ይይዝ ነበር፣ እዚህ ምንም።

ከዚያ ውሃ ስር ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ ደርወንትና አሾፕተን። ግድቡ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1935 እስከ 1943 ተሠራ። በ1945 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ መጥተው መረቁት። በ2022 ድርቅ ውሃው ሲሸሽ ከአንዲት ልጅ ጋር ልናይ ሄድን። (ለጭቃ ነጭ ጫማ የምታደርግ ናት።) ሕዝቡ ለንግሥ የወጣ ይመስል ነበር። ያየነው ግን የደርወንትን የድንጋይ ክምርና የግድግዳ መሠረት ነው። አሾፕተንማ አትታይም፣ ደለል በልቷታል። መኪናው የሚያልፍበት ረጅሙ ድልድይ ከላይዋ ነው።

ከሁሉም ውስጤ የቀረው ማማው ነው። ውሃው ከመሙላቱ በፊት ከደርወንት መቃብር ሙታኑን አውጥተው አጽማቸውን ወደ ባምፎርድ አፈለሱ። እሺ፣ ይሄ ይገባኛል። የቤተ ክርስቲያኑን ሾጣጣ የደወል ማማ ግን ለመታሰቢያ ብለው ተዉት። ውሃው ሲሞላ ከሐይቁ ብቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሰው እየዋኘ ይሄድበት ጀመር። አደጋ ነው ተባለና በዲሴምበር 1947 በፈንጂ አፈረሱት።

ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ተዉት? ከዚያ መንደር የተነሳ ሰው ዳር ቆሞ ያንን ጫፍ ሲያይ ደስ ይለው ነበር ወይስ ያመው ነበር?

ይሄን ሁሉ ለእማዬ በስልክ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ያዘች።

«ከስሩ ቤተ ክርስቲያን ነበር? ታዲያ ጠበል ነዋ!»

«እማ፣ የእንግሊዞች እኮ ነው።»

«ቢሆንስ?»

ከዚያ ዝም አለች። እሷም ዘንድሮ ሰፈር የላትም። እህቴ ጋ ናት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ጎረቤቶቿ እያንዳንዳቸው በየአቅጣጫው ናቸው። ሰፈራችን ፈርሷል፣ ዝርዝሩን አልደግመውም።

ስልኬን አነሳሁ። የሳተላይት ካርታው ላይ ቤታችን እስካሁን አለ። የዛገው ቆርቆሮ አለ። የጓሮዋ ኮክ አረንጓዴ ነጥብ ሆና አለች። ፎቶው አሮጌ ነው። አንድ ቀን አንዱ ያድሰዋል፣ እኔም ከፍቼ አስፋልት አያለሁ። እስከዚያ ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ እንዲህ በሌሊት፣ እየዋኘሁ እሄድበታለሁ።

ሳህኑ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ። ልደፋው ተነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለ። ጠበል እንዴት ይደፋል? ጀበናው ውስጥ ገለበጥኩትና ጣድኩት።

በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ቡና። ከዚያ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ለናንተ አለቅሳለሁ።