ዘጠኝ ዓመቴን የፋቀው ሬዙሜ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ዳለስ ኤርፖርት የኡበር ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ አለ። ግማሹ ሃበሻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። ከዚያ ወጥተህ ወደ አሽበርን ስትነዳ ዓይንህ የሚያርፈው ክሬን ላይ ነው። መስኮት አልባ ግራጫ ሕንፃ፣ አጠገቡ ሌላ ግራጫ ሕንፃ። የሰሜን ቨርጂኒያን ያህል ዳታ ሴንተር (የኢንተርኔቱ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ) የተከማቸበት ቦታ በዓለም ላይ የለም። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሰው ጭኜ በአጠገባቸው ስመላለስ፣ ውስጣቸው ማን ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። «አይቲ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ለዚህ አለማወቄ 6,500 ዶላር ከፍያለሁ። ሌላ ሰው እንዳይከፍል ነው የምጽፈው።

መነሻዬን ላሳጥረው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። በ2016 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። መጀመሪያ ፓርኪንግ፣ ከዚያ ኡበር። እስከዚህ ድረስ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው።

በ2018 መጨረሻ አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን አርሊንግተን ሊያደርግ ነው ሲባል፣ ሠፈሩ ሁሉ አፉን በአይቲ ፈታ። ለቅሶ ቤት አይቲ፣ ክርስትና ላይ አይቲ። ኮሮና መጥቶ ኤርፖርቱ ጭር ሲል እኔም ተሸነፍኩ። አንድ ወዳጄ «ሦስት ወር ትማራለህ፣ ከዚያ መቶ ሺህ ነው» አለኝ። የራሳችን ሰዎች የከፈቱት ቡትካምፕ (የአጭር ጊዜ ሥልጠና) ነው፤ ስሙን አልጠራም። የሚያስተምሩት ኪው ኤ ይባላል፤ ሶፍትዌር እየፈተሹ ስህተት መፈለግ። ዕቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር ብሩን እንዳለ ወስጄ አስረከብኩ። ባለቤቴ «መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ስጣቸው» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ትምህርቱ ራሱ ክፉ አልነበረም። ማታ ማታ በዙም ነው። ጉዱ የመጣው በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ «የሬዙሜ ሳምንት» በሚሉት ላይ ነው፤ ሬዙሜ ማለት የሥራ ልምድህን የምትጽፍበት ሲቪ ነው።

አስተማሪው ቢበዛ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሬዙሜዬን ስክሪኑ ላይ ከፈተና የኮምቦልቻውን መስመር በማውስ ያዘው። «ጋሼ፣ ይሄ እዚህ አገር ዋጋ የለውም» ብሎ አጠፋው። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣት ሄደ። ኡበሩንም አጠፋው። በምትኩ ከ2017 ጀምሮ የሆነ ኩባንያ ውስጥ «ሲኒየር ኪው ኤ አናሊስት» እንደነበርኩ የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። ኩባንያውን በስም እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የኛው ነው። ሪፈረንስ ብለው፣ እውነት ሠርቷል ወይ ሊሉ ሲደውሉ የኛ ሰው ያነሳል። አይጨነቁ ጋሼ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የገባው።»

«ሁሉም» የምትለዋ ቃል ናት የበላችኝ። ሆዴ አልወደደውም፤ ግን ዕቁቡ አንዴ ተበልቷል። ደግሞም የገቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ቤት የገዙ ሁሉ አሉ። እነሱ ካለፉ እኔን ማን ይይዘኛል አልኩ።

ስምንት ወር ሳመለክት ቆየሁ። በ2022 አንድ ኮንትራክተር ጠርቶ አነጋገረኝ፤ ኦፈር፣ ማለትም የቅጥር ደብዳቤ ላከ። በዓመት 92 ሺህ ዶላር። እናቴ በስልክ እልል አለች። የኡበሩን አፕ ከስልኬ አጠፋሁት፤ እንደ ትልቅ ሰው። ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም ያልኩት እውነት መሆኑን ማጣራት ብቻ ነበር የቀረው።

በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ኮሎምቢያ ፓይክ ዳር መኪና ውስጥ ነበርኩ። ሴትየዋ ድምጿ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ የ2018ና የ2019 ደብሊው ቱ (ቀጣሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደሞዝና የግብር ወረቀት) እንድልክላት ጠየቀችኝ። ከየት አምጥቼ? ዝም ስል ቀጠለች። «ሬዙሜህ ከ2017 ጀምሮ እዚህ ሠርተሃል ይላል። ኩባንያው ግን በስቴቱ መዝገብ የተመዘገበው በ2020 ነው። እንዴት ነው ነገሩ?» አለችኝ።

መዝገቡ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ከፍቶ የሚያየው ነው። እኔ አላየሁትም። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ 6,500 ዶላር ተቀብለው ውሸቱን እንኳ በወጉ አልዋሹም። «ሪፈረንሱ ጋም ደውዬ ነበር፤ በማላውቀው ቋንቋ ነው ያነሳው» አለችኝ። «ማን ልበል?» ብሏት ይሆናል። ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ሃሎ? አለህ?» አለች። ዘጋሁት።

ኦፈሩ በማግሥቱ ተሰረዘ። ገንዘቤን መልሱ ስላቸው፣ ኮንትራቱ ላይ «የሥራ ዋስትና አንሰጥም» የምትለዋን መስመር በቢጫ ቀለም አስምረው ላኩልኝ። ቅሬታ ይቀበላል ወደተባለ የመንግሥት ቢሮ ደወልኩ። የመጀመሪያዋ ወደ ሁለተኛው መራችኝ፣ ሁለተኛው ወደ ፎርም። ፎርሙ ደግሞ የትምህርት ቤቱን የፈቃድ ቁጥር ሙላ ይላል። ፈቃድ ከሌለውስ? ለሱ የተዘጋጀ ቦታ የለም። ሦስት ወር ቆይቶ «ጉዳዩ ከሥልጣናችን ውጭ ነው» የምትል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣች። ጥርሴን ነክሼ ቀረሁ። ግን ቢሮውን ብቻ ባማ ውሸት ይሆንብኛል። ሬዙሜው ላይ የነበረው የኔ ስም ነው። «ላክ» የሚለውንም የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ሄድኩና አማካሪው «ሳይበር፣ የኮምፒውተር ደህንነት ጥበቃ ግባ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ክፍት ቦታ አለ» አለኝ። ቦታውስ አለ። ያልነገረኝ፣ እዚህ ዋሽንግተን ጥግ ብዙው የሳይበር ሥራ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) እንደሚጠይቅ ነው። ክሊራንስ ደግሞ ዜግነት ይፈልጋል። ዜግነት ቢኖርህም ራስህ አታመለክትም፤ ቀጣሪ ነው የሚያቀርብህ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሰርተፍኬት ብቻ ታቅፎ ይቀራል። አማካሪዎቹ ቢሰሙኝ አይወዱትም፣ ግን እኔን ብትጠይቁኝ ዜግነት ሳትይዙ ሳይበር ላይ አንድ ብር አታውጡ።

መንገዱን ያሳየኝ ተሳፋሪ ነው። የኡበሩን አፕ ስልኬ ላይ መልሼ ጭኜ ነበር፤ ምን ላድርግ። አሽበርን ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ገባና መኪናው በናፍጣ ሽታ ተሞላ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። «ጄኔሬተር ላይ ነው የምትሠራው?» አልኩት። «ዳታ ሴንተር ውስጥ» አለኝ። እኔ እኮ አይቲ የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ያለው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር።

የቀረው ቀላል ነው። ኖቫ ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሰሜን ቨርጂኒያው የመንግሥት ኮሌጅ) ገባሁ። ፋስትፎርዋርድ በሚባለው የስቴቱ ፕሮግራም የሚሸፈን አጭር ሥልጠና ከሆነ፣ ከጨረስክ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው የምትከፍለው፤ ካቋረጥክ ግን ይጨመርብሃል። ከቡትካምፑ ጋር ሳነጻጽረው እስካሁን ያመኛል። ሬዙሜዬ ላይ ኮምቦልቻን መለስኩት። ቃለ መጠይቁ ላይ «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሕንፃውን ማን ይዞት ይቆያል?» አሉኝ። ባትሪው፣ ከዚያ ማዞሪያው፣ ከዚያ ጄኔሬተሩ ብዬ ተረኩላቸው። «የመጣሁት መብራት በቀን ሦስቴ ከሚጠፋበት ነው» ስላቸው ሳቁ። ቀጠሩኝ።

መጀመሪያ የተላክሁት ግን ወደ ደቡብ ነው፤ ቦይድተን የምትባል ከ500 ሰው በታች ያላት ከተማ፣ ለስድስት ወር ኮንትራት። ያው ቨርጂኒያ ነው፣ ግን ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ጥድ፣ የትምባሆ ማሳ፣ ከዚያ ድንገት አጥር የታጠረ ዳታ ሴንተር። በዕረፍት ቀኔ ዳንቪል ድረስ ነዳሁ። ዳን ሪቨር የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ በደጉ ዘመን ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ በ2006 ተዘጋ። ወንዙ ዳር ቆሜ ትልቁን የቀረውን ሕንፃ አየሁት። የሽመና ማሽኑ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ኮምቦልቻ ቢዘጋ ብዬ አሰብኩ፤ ከተማው ምን ይሆናል?

የቦይድተኗ ዘበኛ እናቷም አክስቷም ጨርቅ ፋብሪካ ነበሩ። «ያኔ ፋብሪካው ቀበሌውን በሙሉ ይቀጥር ነበር፤ ይሄ ከኛ ስንት ሰው ቀጠረ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ጄላርክ የሚባለው የስቴቱ ሕግ አውጪ የጥናት ክፍል በ2024 እንዳወጣው፣ መካከለኛ ዳታ ሴንተር ሲገነባ እስከ 1,500 ሰው ይሠራበታል፤ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ወደ 50 ነው፤ ግማሹ ኮንትራት። እኔ ከዚያ ግማሽ ውስጥ ነበርኩ። ባጃችን በቀለም ይለያል። የቋሚዎቹ ሻይ ቤት የኛን ባጅ አይከፍትም።

አሁን ቋሚ ሆኜ አሽበርን ነኝ። ያው ጥናት፣ ከካውንቲ ገቢ ውስጥ የዳታ ሴንተር ድርሻ እስከ 31 በመቶ የሚደርስበት ቦታ እንዳለ ይላል። እዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቱ መስታወት ይመስላል። ቤት ግን መግዛት አልቻልኩም፤ የምመላለሰው ከስታፎርድ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋጋ በአንድ ጉዞ ሁለት ሰዓት። በደሞዜ እኮራለሁ፣ በጎማዬ ግን አዝናለሁ።

ባለፈው ወር የድሮ ጓደኞቼን ልጠይቅ ዳለስ ሜዳው ላይ ቆምኩ። አንድ አዲስ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎ አይቲ ኖት አሉ፤ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ሬዙሜው ነው። ያው ኩባንያ፣ ያው ሲኒየር ኪው ኤ አናሊስት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያው የእንግሊዝኛ የፊደል ግድፈት። ቀኑን ብቻ ነው ያስተካከሉት።

«አገር ቤት ምን ነበር የምትሠራው?» አልኩት።

«የውኃ ፓምፕ ጥገና፣ አርባ ምንጭ» አለ። «እሱን አጠፉልኝ።»