የዘመመውን ቲራኖሳውረስ ማቃናት

የዳይኖሰር አሻንጉሊት መሰብሰብ ለጀመረ አዋቂ ትልቁ ራስ ምታት በሁለት እግር የሚቆመው ነው። ቲራኖሳውረስ ወራት ሲቆይ ወደ ፊት ይዘማል። አሻንጉሊቶቹ በብዛት የሚሠሩት ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የጭንቅላቱ ክብደትም ቀጭኑን ቁርጭምጭሚት ያጎብጠዋል። ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት የላይኛው መደርደሪያ እኩለ ቀን ላይ ይግላል። ስለዚህ ዝቅ ያለና ፀሐይ የማይመታው ቦታ ስጡት፤ ቀለሙም አይደበዝዝም።

ለማቃናት ውሃ አፍሉና አውርዱት። በእኛ ከፍታ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። እግሩን ብቻ 1 ወይም 2 ደቂቃ ንከሩ፣ በፎጣ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አቃኑት፣ ከዚያ ሳትለቁት በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት። ሳይቀዘቅዝ ከተለቀቀ ተመልሶ ይዘማል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ባትሪ ያለውን ግን በፍጹም አትንከሩ።

የበጋው አቧራ ቅርፊቱ መሀል ሲገባ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ይበቃዋል። ገላው እጅ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠቡት። አሴቶን ቀለሙን ይልጠዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን ለኩ። በ1:40 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 40 ጊዜ ሲያንስ፣ 12 ሜትር የነበረው ቲራኖሳውረስ 30 ሳንቲሜትር፣ 8 ሜትር የነበረው ትራይሴራቶፕስ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል። ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚያምሩት ልኬታቸው ሲገጥም ነው።