የጋቢናው ድርቆሽ ፍርፍር

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ እየተነሣሁ በዋዮሚንግ በኩል ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ጭነት ማመላለስ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምበላው ትራክ ስቶፕ በሚባለው የጭነት መኪና ሹፌሮች ማረፊያ ውስጥ ያገኘሁትን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በጋለ ብረት ላይ ሲንከባለል የሚውል ሆት ዶግ፣ ፒዛ ወይም የተጠበሰ ዶሮ። ረቡዕና ዓርብ የሚቀረኝ የድንች ጥብስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ዶሮው በወጣበት ዘይት ውስጥ ሲገባ አንድ ቀን በዓይኔ ስላየሁ ከዚያ ወዲያ የጾም ቀኖቼን በሙዝና በለውዝ መግፋት ጀመርኩ።

በራሴ ለማብሰል ስወስን ታዲያ ነገሩን ከትልቁ ጫፍ ጀመርኩት። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ 1,500 ዋት ኢንቨርተር ከባትሪው ጋር በቀጥታ አስገጠምኩ፤ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃም ገዛሁ። ጋዝ ምድጃ ያላሰብኩት በተዘጋ ጋቢና ውስጥ የሚነድ እሳት ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለቅና ከዚያ ጋር አብሮ መተኛት ሞትን ማጨት ስለሆነ ነው። በኅዳር ወር፣ ከሻየን ወደ ላራሚ በሚወስደው ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ሸርማን ሰሚት ከሚባለው የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ቆሜ፣ መስኮቱን ለብርዱ ዘግቼ ሽንኩርት አቁላላሁ። በርበሬው ሲጨመር ጋቢናው በአንድ አፍታ የሚያስነጥስ ጢስ ሞላው፤ ሁለቱንም በሮች ከፍቼ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ቆሜ ሳስል አንድ አላፊ ሹፌር እሳት የተነሣ መስሎት ማጥፊያ ይዞ ሮጦ መጣ። ምስሩም አልበሰለም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,633 ሜትር ስለሆነ ውሃው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ምስሩ ከአንድ ሰዓት በኋላም ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ ዝቅ አትልም፤ እናቴ ግን ፕሬሸር ኩከር አላት። ብርድ ልብሴ ቁሌት ቁሌት እያለ እስከ ገና ዘለቀ።

ይህንን በስልክ ስነግራት እናቴ እስኪበቃት ከሣቀች በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ መንገደኛ አይደለህም እንዴ? ታዲያ እንደ መንገደኛ ለምን አትሰንቅም? ቅድመ አያትህ ጨው ሲነግድ በቅሎው ላይ ምድጃ ጭኖ ነበር?» አለችኝ። ነገሩ የተቃናልኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶና ሽሮ ለረጅም መንገድ የተፈጠሩ ምግቦች ናቸው፤ ዋናው ድካም ቤት ውስጥ ስለሚያልቅ መንገድ ላይ የሚጠይቁት ጥቂት ውሃና ጥቂት ሙቀት ብቻ ነው። የጋቢና ኤሌክትሪክም ሊሰጥ የሚችለው ይህንኑ ያህል ነው። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የ15 ወይም የ20 አምፔር ፊውዝ ስላለው፣ በ12 ቮልት ሲባዛ ከ180 እስከ 240 ዋት ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይወጣውም፤ ይህም ለማቁላላት የማይበቃ፣ ለማንተክተክ ግን የሚበቃ ኃይል ነው።

ስለዚህ ኢንቨርተሩን ለስልክና ለቡና ማፍያ ብቻ ተውኩትና የምሳ ዕቃ የሚመስለውን፣ በሶኬቱ የሚሠራውን ባለ 12 ቮልት ምድጃ ገዛሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ ያለ ዘይት አቁላላለሁ፤ ውሃው ሲመጠጥ ዘይትና በርበሬ ጨምሬ፣ ጠብታ ውሃ ጠብ እያደረግሁ፣ ጥሬ የበርበሬ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አበስለዋለሁ። ይህ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ የሚቸኩል ሰው ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ጥሬ በርበሬ ሲበላ ይከርማል። ቁሌቱ ሲበርድ በትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች እከፍለውና በስሱ ዘርግቼ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛዋለሁ። ድርቆሹን የኦሮራ የሐበሻ ሱቆች ከሚሸጡት እንጀራ ቆራርሼ፣ ትሪ ላይ ሁለት ቀን አስጥቼ አዘጋጃለሁ።

የመንገዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ላራሚ ላይ ስቆም አንድ ከረጢት ቁሌት፣ አንድ ስኒ ተኩል ውሃና የተቀጠቀጠ ቋንጣ በፎይል ዕቃ አድርጌ ምድጃው ውስጥ እከትታለሁ፤ ምድጃውንም ወለሉ ላይ በቀበቶ አስሬ ሶኬቱን እሰካለሁ። በጾም ቀን ቋንጣው ይቀርና ሽሮ ይተካዋል፤ ሽሮውን ግን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ይጓጉላል። ከላራሚ እስከ ራውሊንስ 100 ማይል ያህል ነው፤ ነፋሱ ካላስቸገረ በአንድ ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ። ስምንት ሰዓት የነዳ ሹፌር ከዚያ በላይ ከመንዳቱ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ማረፍ እንዳለበት የአሜሪካ ሕግ ያዝዛል፤ በዚህች ግማሽ ሰዓት ማብሰል ከጀመሩ የሚበላበት ጊዜ አይተርፍም። እኔ ግን ራውሊንስ ስደርስ መረቁ ሲንተከተክ አገኘዋለሁ፤ ድርቆሹን ጨምሬ፣ አማስዬ፣ ክዳኑን ለአምስት ደቂቃ እዘጋለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ኤልክ ማውንቴን አካባቢ መንገዱ በበረዶና በነፋስ ሲዘጋ አንድ ቀን ከሌሊቱ ቆሜ የማውቅ በመሆኔ፣ ከሳምንቱ ፍላጎት በላይ ሁለት ከረጢት ቁሌት ሁልጊዜ በትርፍ እይዛለሁ።

እስካሁን ያልሆነልኝ ርጥብ እንጀራ ነው። የጋቢናው ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ምድጃው ውስጥ ሳሞቀው ደግሞ ጫፉ ሊጥ ይሆናል፣ መሐሉ እንደቀዘቀዘ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ብሞክር ተሻለኝ፤ ግን አንዲቷ እንጀራ አርባ ደቂቃ ስለፈጀችብኝ እሷን ስጠብቅ ወጡ ቀዘቀዘ።