ሌባው ከተያዘ በኋላ

ዛሬ መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ አንድ ልጅ የአንዲትን ሴት እጅ ጠምዝዞ ቦርሳዋን ሊነጥቅ ሲታገል፣ ከሰልፉ አንድ ወጣት ዘሎ ወጣ። ገፍትሮ ጣለው፤ ቦርሳውን አስለቀቀው። ሴትዮዋን አያውቃትም። ተባረክ ወንድሜ!

እስከዚህ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰውንም መከላከል ይፈቅዳል። ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ግን ጥቃቱ ሕገወጥና አፍጦ የመጣ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ የተወሰደው ኃይልም ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት።

ያንገበገበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጁ መሬት ላይ ተኝቶ ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። ምንም ያላየ ሰው ሁሉ እየመጣ ይረግጠዋል። አንዱማ ድንጋይ አነሳ! አንዲት እናት "ኧረ በቃ፣ ትገድሉታላችሁ!" ብለው ባይጮኹ ኖሮ እንጃ።

ይሄ መከላከል አይደለም። ጥቃቱ እኮ አልቋል፤ የቀረው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ነበር። ሲከላከል በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከልኩ ያለፈን ሰው ፍርድ ቤት በአንቀጽ 79 ቅጣቱን ሊተውለት ይችላል። ዘግይቶ መጥቶ የተያዘን ሰው ለሚረግጥ ግን ይሄ አይሠራም። ልጁ ቢሞት የሚጠብቀው የግድያ ክስ ነው።