ሲቫስ ላይ ሳዝ ፍለጋ

ከአንካራ እስከ ሌላዋ የቱርክ ከተማ ሲቫስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንገዱን ተኝቼ ስላለፍኩት የማወራው የለኝም። ብርዱ ጉንጬን ሲገርፈኝ ነው በደንብ የነቃሁት።

ያናደደኝን ላስቀድም። ከጣቢያው መሐል ከተማ ያደረሰኝ ታክሲ ቆጣሪ ሳይከፍት 400 ሊራ ተቀበለኝ። በኋላ ስጠይቅ ግማሹ ይበቃው ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልገባ ዋጋ እቆርጥ ነበር። ማታ ደግሞ የክፍሌ ማሞቂያ አልሠራም። ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ በጃኬቴ አደርኩ። የእንጦጦ ብርድ ናፈቀኝ።

የመጣሁት በአሪፍ ሳግ ምክንያት ነው። ክራር እጫወታለሁ። ሌላው ሳዝን፣ ረጅም አንገት ያለውን የቱርክ ባለ ክር መሣሪያ፣ በመምቻ ሲመታ፣ እሱ በባዶ ጣቱ ሲያናግረው በቪዲዮ ካየሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። በፈረንጆቹ 1945 ኤርዙሩም ውስጥ የተወለደ የቱርክ የባህል ዘፋኝ ነው። ከ1987 እስከ 1991 ደግሞ የፓርላማ አባል ነበር። ዘፋኝ ፓርላማ ገብቶ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ አብሮኝ ነው የመጣው።

መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ሳዝ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሳዝ እየሞረዱ፣ በስልኬ መተርጎሚያ አወራን። ስሙን ስጠራ ዓይናቸው በራ። እኛ አገር "አሪፍ" ማለት በጣም ጥሩ ማለት ነው ስላቸው "ልክ ናችሁ" አሉኝ። አሌቪዎች፣ የቱርክ አናሳ የእስልምና ወገን፣ ሳዝን "ባለ ክሩ ቁርዓን" ይሉታል። ጸሎታቸው ያለሱ አይሆንም። በገና ወዲያው ትዝ አለኝ። "ሳዝ የያዘ ሰው ድሮም የሕዝብ ጉዳይ ያወራል፣ ልጄ" አሉ። ፒር ሱልጣን አብዳል የተባለው ገጣሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሰቀለው እዚሁ ሲቫስ ነው።

ከዚያ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ማዲማክ ወሰዱኝ። ሐምሌ 2 ቀን 1993፣ በፈረንጆቹ፣ ለፒር ሱልጣን በዓል የመጡ ሙዚቀኞችና ጸሐፊዎች ያረፉበት ሆቴል ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የተሰበሰበ ሕዝብ ከቦ አቃጠለው። 33 እንግዶችና ሁለት የሆቴሉ ሠራተኞች ሞቱ። አሪፍ ሳግም ውስጥ ነበር፤ ተረፈ። በ80ዎቹ አብሮት ካሴት ያወጣው ሙህሊስ አካርሱ ከነሚስቱ አልተረፈም። ሳዝ ተጫዋቹ ሃስረት ጉልተኪን ገና 22 ዓመቱ ነበር።

ሕንፃው ዛሬ የሳይንስና ባህል ማዕከል ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች የጠየቁት የኀፍረት ሙዚየም እንዲሆን ነበር፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። እዚያ ቆሜ ሳይንስ የሚለውን ቃል ማንበብ አቃተኝ።

ሽማግሌው መንገዱን አልተሻገሩም። ዞር ስል ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ሱቅ ተመልሰን ሻይ ጠጣን። ልክፈል ብል ገንዘቤን መልሰው ኪሴ ከተቱት፤ ሳዙንም አንስተው ሰጡኝ። በባዶ ጣቴ ትዝታን ፈለግኩበት።