የፈረሰውን ባቡር ጣቢያ በካርታና በችሎት መዝገብ ፍለጋ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዛሬ ናሽናል ጋለሪ የተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም በቆመበት ቦታ፣ 6ኛ መንገድና ኮንስቲትዩሽን አቬኑ ጥግ ላይ፣ ድሮ የባልቲሞርና ፖቶማክ ባቡር ጣቢያ ነበር። በ1870ዎቹ ተሠርቶ በ1908 ፈረሰ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን ልከታተል ስነሳ መጀመሪያ ያጣራሁት የመንገዱን የድሮ ስም ነው። ኮንስቲትዩሽን አቬኑ እስከ 1931 ድረስ ቢ ስትሪት ይባል ነበር፤ ስለዚህ የዘመኑን ጋዜጦች የበረበርኩት በዚያ ስም ነው። የፈረሰ ቤት ታሪክ ለሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ጀምር እለዋለሁ።

ቀጥሎ ወደ ሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎች ሄድኩ፤ እነዚህ ለመድን ድርጅቶች ሲባል እያንዳንዱን ቤት ለይተው የሚያሳዩ የድሮ ካርታዎች ናቸው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧቸዋል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ የጡብ ቤት በሮዝ፣ የእንጨት ቤት በቢጫ ቀለም ስለሚለይ፣ ሰፈሩ በምን በምን እንደተሠራ በዓይን ይታያል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የችሎት መዝገብ ነው። ጁላይ 2 ቀን 1881 ፕሬዚዳንት ጀምስ ጋርፊልድ ባቡር ሊሳፈሩ ሲገቡ ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው እዚሁ ጣቢያ ውስጥ ተኩሶ አቆሰላቸው፤ ሴፕቴምበር 19 አረፉ። የክሱ ሂደት በመጽሐፍ ታትሟል። ምስክሮቹ ማን የት ቆሞ እንደነበር ሲጠየቁ የሕንፃውን ውስጥ አብረው ይነግሩናል፦ የቢ ስትሪቱን በር፣ የሴቶች ማረፊያ ክፍሉን፣ ከዚያ ወደ ትልቁ አዳራሽ የሚያሳልፈውን መግቢያ። የሴቶቹን ክፍል የምትጠብቀው ሴት ሳትቀር ቃሏን ሰጥታለች። የትኛውም ፎቶግራፍ እንዲህ ከክፍል ወደ ክፍል አላስገባኝም። ፕሬዚዳንቱ በወደቁበት ወለል ላይ በኋላ ኮከብ ተቀርጾ ነበር፤ ጣቢያው ሲፈርስ እሱም ጠፋ።

ጣቢያው የሚነሳው በግድያው ቢሆንም፣ ለእኔ ዋናው ታሪክ የሐዲዱ ነው። ኮንግረስ በ1872 ቦታውን ስለፈቀደ ባቡሩ የከተማውን ትልቅ መስክ፣ ሞልን፣ አቋርጦ ያልፍ ነበር። በ1902 የከተማዋን ፕላን ያጠናው የማክሚላን ኮሚሽን ሐዲዱ ከሞል ይነሳ አለ፤ ጣቢያው የእሱ የነበረው የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ካሳትም ተስማሙ፤ በ1907 በምትኩ ዩኒየን ስቴሽን የተባለው አዲስ ጣቢያ ተከፈተ። ሕንፃው ቢያሳዝነኝም ሐዲዱ መነሳቱ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሞል ላይ ዛሬ የሚሰበሰበው ሕዝብ ቦታ ያገኘው በዚያ ውሳኔ ነው።

አሁን በዚሁ መንገድ የያዝኩት በኒው ጀርሲ አቬኑ የነበረውን የባልቲሞርና ኦሃዮ ጣቢያ ነው፤ እሱም ዩኒየን ስቴሽን ሲከፈት ሥራውን አቁሟል።