ሥራውን እየወደዱ አለቃ ሲያስቸግር፦ መቆየትና መልቀቅን እንዴት መዘንኩ

የላቦራቶሪ ሥራ እወዳለሁ። ከባቲና ከቃሉ ቆላ ትኩሳት ይዞት ደሴ የመጣን ሰው ደም አይቶ፣ ወባው ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ ለይቶ ለሐኪሙ መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በዚያች ወረቀት ነውና። እሠራበት በነበረው የግል ክሊኒክ ያስቸገረኝ ሥራ አስኪያጁ ነበር። ታካሚ ፊት ይጮኻል፣ ፈረቃ በዋዜማው ማታ ይቀይራል፣ የፈቃድ ወረቀት ሳይፈርም ያቆያል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው ሁሉ "አብሽር፣ ያልፋል" ይላል። ልብ ያጽናናል፤ ግን ልቀቅ ወይስ ቆይ የሚለውን አይመልስም።

እኔ የጀመርኩት ከደብተር ነው። አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀንና ሰዓት፣ የተባለው ቃል በቃል፣ በቦታው የነበረ ሰው፣ በሥራው ላይ ያስከተለው ነገር። ቢያንስ አንድ ሙሉ የደመወዝ ወር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ታካሚ የሚበዛበትም የሚቀንስበትም ሳምንት እንዲገባ። በዕለቱ ካልተጻፈ ንዴት ያሳድገዋል ወይም ይቅርታ ያሳንሰዋል። ብዙ ሰው "ዛሬም ሰደበኝ" ብሎ ይተወዋል፤ ያ አይጠቅምም። ሽማግሌም ዳኛም የሚጠይቀው "ምን ብሎ ሰደበህ?" ብሎ ነው። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አይጻፍ፤ የታካሚ ስም በፍጹም አይግባበት።

ውሳኔውን የሚሰጠው አራተኛው ዓምድ ነው። የአለቃ ክፉ ጠባይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጆሮ ላይ የሚቀር አለ፣ ውጤት ውስጥ የሚገባ አለ። የወባ ስላይድ ላይ በወፍራሙ የተቀባው ደም በደንብ መድረቅ አለበት፤ ጊምሳ በሚባል ቀለም በ10 በመቶ ብጥብጥ 10 ደቂቃ ያህል ይቀለማል፤ "ወባ የለም" ተብሎ ከመጻፉ በፊት 100 እጥፍ በሚያጎላ የማይክሮስኮፕ ኦይል ሌንስ 100 መስክ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ ቦታ) ይታያል። አለቃው ጀርባ ላይ ቆሞ "ሰው እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ ጨርስ" ሲል ባለሙያው 20 መስክ አይቶ ከፈረመ፣ ጥገኛው ጥቂት የሆነበት በሽተኛ ትኩሳቱን ይዞ ቤቱ ይመለሳል። ስላይዱ ሳይደርቅ ቀለም ከነካው ደሙ ይታጠብና የሚታይ ነገር አይቀርም። ጠዋት የደም መቁጠሪያው ማሽን ኮንትሮል (ልኩ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ናሙና) ሳይሠራ የታካሚ ናሙና ይግባበት ማለትም ከዚሁ ይቆጠራል። ፊርማው የባለሙያው ነው፤ የሙያ ፈቃዱም የእሱ ነው። ስለዚህ መስመሬን አስቀድሜ ጻፍኩ፦ ጩኸት ከሆነ እነጋገራለሁ፤ ውጤት የሚነካ ትእዛዝ ከሆነ በዚያው ቀን በጽሑፍ እምቢ እላለሁ፣ ከተደገመም እለቃለሁ። መስመሩ ንዴት ሳይመጣ ካልተጻፈ፣ አንድ ጥሩ ቀን ሲመጣ ወደኋላ ይገፋል።

ቀጥሎ ንግግር ነው። ጠብ በተነሣበት ቀን አይሆንም፤ ታካሚ በሚሰለፍበት ጠዋትም አይሆንም፤ በረመዳን ደግሞ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት ሁለቱም ወገን ደክሟል። "ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ" ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዤ ገባሁ፤ የሁለቱም መፈጸም በዓይን የሚታይ ነው፦ የሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃ ሐሙስ ተለጥፎ ይደር፤ እርማት ካለ በር ተዘግቶ ይነገረኝ። "ጠባይዎን ያስተካክሉ" የሚል ልመና መከራከሪያ ብቻ ይከፍታል። "ሐሙስ ይለጠፍ" ያለ ሰው ግን ዓርብ ጠዋት ሰሌዳውን አይቶ መልሱን ያውቃል።

ስለ ሽማግሌ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ወሎ ውስጥ አበጋሮች ደም የተቃባን ሰው ሳይቀር ያስታርቃሉ፤ ሼሁና ቄሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ይመርቃሉ። ይህን ባህል አከብራለሁ። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ላይ ግን ሽምግልና የሚመጣው ቀጥታ ንግግሩ ካልሠራ በኋላ ነው፤ የሚላከውም ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ሰው ነው። ብዙ ሰው ሲመጣበት አለቃው የተከሰሰ ይመስለዋል፤ በሰው ፊት ይቅር ይላል፣ ፈረቃው ግን እንደነበረው ይቀጥላል። እርቁ "በቃ ተዉት" ተብሎ ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱ ጥያቄዎች ከነቀናቸው እንደገና ይነገሩ።

ለለውጡ የሰጠሁት ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አለቃው ለጊዜው ጨዋ ሆኖ ያልፈዋል፤ ከዚያ ከረዘመ ሰው ይለምደዋል። ጩኸቱ ቀነሰ። ሰሌዳው ግን ሐሙስ አልተለጠፈም፤ "ሳታይ ፈርም" የሚል ትእዛዝም ተመልሶ መጣ። ጩኸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እቆይ ነበር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ከመልቀቅ በፊት ሒሳብ አለ። አዲሱ ቅጥር በደብዳቤ ከተረጋገጠ የአንድ ወር ወጪ በእጅ ይበቃል፤ ካልተረጋገጠ የሦስት ወር። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤትና እድር በሁሉም ሒሳብ ይገባሉ። የሚረሳው ዕቁብ ነው። ዕጣው ከወጣለት በኋላ ሥራ የለቀቀ ሰው ገንዘቡን በልቶ የቀረውን ሳምንት ሁሉ ከባዶ ኪስ ይከፍላል፤ ዋሱንም ያስይዛል። ደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ ሥራ መያዝ ከታሰበ ደግሞ የደርሶ መልሱ ታሪፍ በወሩ የሥራ ቀን ተባዝቶ ከአዲሱ ደመወዝ ላይ ይቀነስ፤ የደመወዝ ጭማሪ የመሰለው አንዳንዴ እዚያ ያልቃል።

የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሌላ ሕግ አለው፤ ቀጥሮ የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪም ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ምክንያት መጻፍ አይጠበቅበትም። ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ ከሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ ከደረሰ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይቻላል፤ መብቱ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ያልፋል። ደብተሩ ላይ ቀን የሚጻፈው ለዚህም ነው።

5 ዓመት ያገለገለና በሥልጠና ምክንያት የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቀን 400 ብር የሚያገኝ ባለ 6 ዓመት ሠራተኛ 12,000 ሲደመር አምስት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 32,000 ብር ይሆንለታል። አራት ዓመት ከአሥር ወር የሠራ ሰው ሁለት ወር መታገሥ ይችል እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይከፈላል፤ ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ሦስት መስመር ይበቃዋል፦ የሥራ መደቡ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ የሥራ ልምድና ክፍያ እንዲዘጋጅ ጥያቄ። ቂም አይጻፍበት። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይደረግበት፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላካል። ርክክቡ በዝርዝር ይሁን፦ የሪኤጀንቱ (የመመርመሪያ ኬሚካሉ) ብዛትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡት የፍሪጅ መመዝገቢያ፣ የማይክሮስኮፕ ሌንሶች፣ ውጤታቸው ያልወጣ ናሙናዎች። ያለ ርክክብ ፊርማ ክሊራንስ ይዘገያል፤ የጎደለ ዕቃም በሄደው ሰው ስም ይቀራል።

አዲሱ ቀጣሪ "ለምን ለቀቅህ?" ሲለኝ "ኮንትሮል ሳልሠራ ውጤት መፈረም አልፈልግም፤ እዚህ አሠራሩ እንዴት ነው?" ብዬ መለስኩ። ስለ አለቃዬ ጠባይ አላወራሁም። ስለ ሥራዬ እንዲጠየቅ የሰጠሁትም ውጤቴን በየቀኑ ያነብ የነበረውን ሐኪም ስም ነው።